ሦስት ቅጂ፣ አንድ ስህተት፦ በተሠራጩ ዳታቤዞች ላይ የሪፕሊኬሽንና የባክአፕ ስልቶች ዳሰሳ

ዳታው በሦስት ከተሞች ባሉ ሰርቨሮች ላይ ሦስት ጊዜ ከተጻፈ ለብቻው ባክአፕ መያዝ ለምን ያስፈልጋል? ጥያቄው በየመሥሪያ ቤቱ የአይቲ ክፍልና በየበጀት ስብሰባው ይነሣል፤ የሚነሣውም ያለ ምክንያት አይደለም። በብዙ ማሽኖች ላይ ለተሠራጨ ዳታቤዝ የሚወጣው ገንዘብ ቀድሞውኑ የሦስት ማሽን ዋጋ ነው። በላዩ ላይ የባክአፕ ማከማቻ ይጨመር ሲባል አንድን ዕቃ ሁለት ጊዜ የመግዛት ያህል ያስቆጫል። ይሁን እንጂ ከዚህ በታች የሚነሡት ዳታቸውን ያጡ ወይም ለጥቂት የተረፉ ድርጅቶች አብዛኞቹ የቅጂ እጥረት አልነበረባቸውም።

ይህ ዳሰሳ ሁለቱን ስልቶች ጎን ለጎን ይመረምራል። የሚደርስበትን ከወዲሁ መናገር ይቻላል፦ ሪፕሊኬሽን የሚደክመው በቅጂዎች መካከል ያለውን ርቀት ለማጥፋት ሲሆን ባክአፕ የሚደክመው ርቀቱን ለማቆየት ነው። ርቀቱም የጊዜ፣ የቦታና የሥልጣን ተብሎ በሦስት ይከፈላል። ሁለቱ ሥራዎች ተቃራኒ ስለሆኑ አንዱ ሌላውን ሊተካ አይችልም። ከአዋጅ ቁጥር በቀር በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሪፕሊኬሽን የሚመልሰው ጥያቄ

ሪፕሊኬሽን አንድ ጥያቄ ይመልሳል፦ ማሽን ሲሞት አገልግሎቱ ይቀጥላል ወይ? የተለመደው አደረጃጀት አንድ መሪና ተከታዮች ያሉት ነው። የሚጻፈው ሁሉ ወደ መሪው ይገባል፤ መሪው ለውጡን በሎግ መዝግቦ ይልካል፤ ተከታዮቹ ሎጉን እያነበቡ ያንኑ ለውጥ በየራሳቸው ዲስክ ይደግማሉ። ፖስትግሬስ ከ2010 ጀምሮ፣ ማይኤስኪውኤል ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ በዚህ መንገድ ይሠራሉ።

ልዩነቱ የሚመጣው መሪው ለደንበኛው «ተጽፏል» ብሎ የሚመልሰው መቼ ነው በሚለው ላይ ነው። ተከታዩ መቀበሉን እስኪያረጋግጥ የሚጠብቅ ከሆነ፣ ማለትም ሪፕሊኬሽኑ ሲንክሮነስ ከሆነ፣ መሪው በዚያችው ሰከንድ ቢቃጠል እንኳ የተረጋገጠ ነገር አይጠፋም። ዋጋው እያንዳንዱ ጽሕፈት የኔትወርኩን ደርሶ መልስ መታገሡ ነው። ሳይጠብቅ የሚመልስ ከሆነ፣ ማለትም አሲንክሮነስ ከሆነ፣ ፍጥነቱ ያምራል፤ ነገር ግን ለተከታዩ ገና ያልተላከው ጭራ ከመሪው ጋር አብሮ ይሞታል።

ዋጋውን የሚተምነው ፊዚክስ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ስለዚህ 1,000 ኪሎ ሜትር ርቆ ካለ ዳታ ሴንተር መልስ ለማግኘት ቢያንስ 10 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በቀጥታ መስመር ከ5,300 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ደርሶ መልሱ ከ53 ሚሊሰከንድ በታች ሊሆን አይችልም፤ ኬብል በቀጥታ መስመር ስለማይዘረጋ ደግሞ በተግባር ከዚያ ይበልጣል። በአንድ ግብይት ውስጥ አምስት ጊዜ የሚመላለስ ፕሮግራም ከሩብ ሰከንድ በላይ በመንገድ ብቻ ያባክናል ማለት ነው።

መካከለኛው መንገድ አብላጫ ድምፅ ነው። ሌስሊ ላምፖርት በ1998 ያሳተመው ፓክሶስ፣ ዲዬጎ ኦንጋሮና ጆን አውስተርሃውት በ2014 ለመረዳት እንዲቀል አድርገው ያቀረቡት ራፍትም የሚቆሙት በዚሁ መሠረት ላይ ነው። አንድ ጽሕፈት ጸደቀ የሚባለው ከቅጂዎቹ ከግማሽ በላይ ሲቀበሉት ነው። ሦስት ቅጂ ያለው ክላስተር (አብረው የሚሠሩ ማሽኖች ስብስብ) የአንድ ማሽን ሞት፣ አምስት ያለው የሁለት ይችላል። አራት ቅጂ ከሦስት የተሻለ ይመስላል እንጂ የሚችለው ያው አንድ ሞት ነው። ሁለት ቅጂ ብቻ ያለው ደግሞ አንዱ ሲጠፋበት የተረፈው «መሪ ነኝ» ለማለት ምልዓተ ጉባኤ አይሞላለትም።

መሪ የሌለው አሠራርም አለ። አማዞን በ2007 ባሳተመው የዳይናሞ ጥናት ላይ የተለመደው አወቃቀር ሦስት ቅጂ፣ ለመጻፍ የሁለት ማረጋገጫ፣ ለማንበብ የሁለት መልስ ነው። የሚጻፍባቸውና የሚነበብባቸው ቅጂዎች ድምር ከጠቅላላው ሲበልጥ ቢያንስ አንድ ማሽን በሁለቱም ወገን መገኘቱ አይቀርም፤ አዲሱን ዳታ ይዞ የሚመጣውም እሱ ነው። ካሳንድራ የተባለው ዳታቤዝ ይህን ሐሳብ ወርሷል። ኦሮራ የተባለው የአማዞን ዳታቤዝ ደግሞ በሦስት የዳታ ሴንተር ቀጠናዎች ስድስት ቅጂ ያስቀምጣል፤ ለመጻፍ አራቱ፣ ለማንበብ ሦስቱ መስማማት አለባቸው። አንድ ቀጠና ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ መጻፍ ይቀጥላል፤ ቀጠናው ከሌላ አንድ ቅጂ ጋር ቢጠፋም ዳታው አይጠፋም።

ይህ ሁሉ ብልሃት ግን አንድ ድንበር አለበት። ኤሪክ ብሩወር በ2000 ያነሡት፣ ሴት ጊልበርትና ናንሲ ሊንች በ2002 በማስረጃ ያጸኑት ድንበር ነው፦ ኔትወርክ ሲቆራረጥ ሥርዓቱ ወይ ወጥነትን ወይ አገልግሎትን ይመርጣል፤ ሁለቱን በአንድ ላይ አያገኝም።

43 ሰከንድና 24 ሰዓት

የዚህን ምርጫ ክብደት ጊትሃብ በተባለው የኮድ ማከማቻ ኩባንያ ላይ በኦክቶበር 2018 ከደረሰው አደጋ በላይ ያሳየ ጥቂት ነው። በኦክቶበር 21 ቀን የተበላሸ የኔትወርክ ዕቃ ሲቀየር በአሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ ያለው ዋናው ዳታ ሴንተር ከቀረው ኔትወርክ ለ43 ሰከንድ ተቆረጠ። መሪነትን የሚያሸጋግረው ኦርኬስትሬተር የተባለው ሶፍትዌር እንደተነገረው ሠራ፤ አብላጫውን ድምፅ ቆጥሮ የማይኤስኪውኤል መሪነቱን ወደ ምዕራብ ጠረፍ አዛወረ።

መስመሩ ሲመለስ ግን በምሥራቅ ከመቆረጡ በፊት ተጽፈው ወደ ምዕራብ ያልደረሱ ጥቂት ሰከንዶች ነበሩ። በምዕራብ ደግሞ አዲሱ መሪ ወደ 40 ደቂቃ የሚጠጋ ጽሕፈት ተቀብሎ ነበር። ሁለቱም ወገን ሌላው የሌለውን ይዟል። አንዱን ወገን መጣል ፈጣን መፍትሔ ነበር፤ ኩባንያው ግን የተጠቃሚን ሥራ ከመጣል አገልግሎቱን ማዘግየት መረጠ። ብዙ ቴራባይት ዳታ ከባክአፕ መልሶ፣ ከዚያ ሪፕሊኬሽኑን አስተካክሎ እስኪጨርስ አገልግሎቱ ለ24 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ተቃወሰ።

ሪፕሊኬሽኑ በዚያ ቀን ተበላሸ ማለት አይቻልም፤ የተሰጠውን ትእዛዝ በትክክል ፈጽሟል። የጎደለው የአሲንክሮነስ ሪፕሊኬሽንን ጭራ ከግምት ያስገባ ውሳኔ ነበር። መሪነት በጠረፎች መካከል በራሱ እንዲሸጋገር የሚፈቅድ ሁሉ፣ የሚሸጋገረው ስንት ሰከንድ ጥሎ እንደሆነ አስቀድሞ መወሰን አለበት። ሌላው የሚታየው ነገር የባክአፑ ድርሻ ነው፦ የተጣሉ ቅጂዎችን ያስታረቀው በመጨረሻ ከክላስተሩ ውጭ የተቀመጠ ባክአፕ ነበር።

ስህተትም ይባዛል

ሪፕሊኬሽን የማሽን ሞትን ያውቃል፤ የሰውን ስህተት ግን አይለይም። መሪው ላይ «ሰንጠረዡን አጥፋ» የሚል ትእዛዝ ቢገባ ለተከታዮቹ እንደማንኛውም ለውጥ ይላካል፤ ክላስተሩ ጤነኛ በሆነ ቁጥር ጥፋቱ የሚዳረስበት ፍጥነት ይጨምራል። የብራና ጸሐፊ ከተሳሳተ መጽሐፍ አሥር ቅጂ ቢያወጣ አሥር የተሳሳቱ መጻሕፍት ይኖሩታል፤ ስህተቱን የሚያጋልጠው ቀድሞ የተጻፈና በሌላ ደብር የተቀመጠ ቅጂ ብቻ ነው።

በፌብሩዋሪ 2011 የጎግል ኢሜይል ተጠቃሚዎች ከሆኑት 0.02 በመቶ የሚሆኑት የመልእክት ሣጥናቸውን ባዶ አገኙት። መልእክቶቹ ከአንድ በላይ በሆኑ ዳታ ሴንተሮች ተባዝተው ነበር፤ ነገር ግን የማከማቻ ሶፍትዌሩ ማሻሻያ ይዞት የመጣው እንከን ቅጂዎቹንም ነካ። ኩባንያው መልእክቶቹን የመለሰው ከማግኔት ቴፕ ነው። ቴፑ ከኔትወርኩ ጋር ያልተያያዘ በመሆኑ እንከኑ አልደረሰበትም። ዘገምተኛው መሣሪያ የዳነው በዘገምተኛነቱ ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ታሪክ የመርስክ ነው። በጁን 27 ቀን 2017 ኖትፔትያ የተባለው አጥፊ ፕሮግራም የዴንማርኩን የመርከብ ኩባንያ መታ። የሠራተኞችን መግቢያና ፈቃድ የሚያስተዳድሩት ወደ 150 የሚሆኑ ዶሜይን ኮንትሮለሮች እርስ በርሳቸው ዳታ የሚለዋወጡ፣ በሙሉ ትርጉሙ የተሠራጨ ዳታቤዝ ነበሩ። እቅዱም ያንን ያመነ ነበር፦ አንዱ ቢሞት ከሌላው ይመለሳል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጠፋሉ ብሎ ያሰበ አልነበረም። ጋዜጠኛው አንዲ ግሪንበርግ እንደዘገበው የተረፈው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ጋና ውስጥ። ጥቃቱ ከመድረሱ በፊት መብራት ጠፍቶ ስለነበር ያ ማሽን ከኔትወርኩ ውጭ ሆኖ ቆይቷል።

ዳታውን ከጋና በኢንተርኔት ወደ እንግሊዝ ለመላክ መስመሩ ቀጭን ሆኖ ቀናት የሚፈጅ ሆነ። ሰው ይዞት ይሂድ ሲባል ደግሞ የጋና ቢሮ ሠራተኞች የእንግሊዝ ቪዛ አልነበራቸውም። ስለዚህ አንድ ሠራተኛ ሃርድ ዲስኩን ይዞ ናይጄሪያ በረረ፤ እዚያ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ለሌላ ባልደረባ አስረከበው፤ ያኛው ለንደን አደረሰው። ኩባንያው 4,000 ሰርቨርና 45,000 ኮምፒውተር እንደ አዲስ መትከል ነበረበት። ከ150 ቅጂ ዋጋ ያወጣው ከሌሎቹ ጋር ያልተስማማው አንዱ ብቻ ነው፤ ያንን ርቀት የፈጠረው ግን እቅድ ሳይሆን የመብራት መጥፋት ነበር። ባክአፕ ማለት ያን አጋጣሚ ወደ አሠራር መለወጥ ነው።

አንድ ቅጽበትን መያዝ

ባክአፕ አስፈላጊ ነው ብሎ መስማማት ቀላል ነው፤ ከባዱ የተሠራጨን ዳታቤዝ ባክአፕ ማድረግ ነው። ዳታው በአንድ ማሽን ላይ ሲሆን አንድ ቅጽበት ተመርጦ ይያዛል። በአሥር ማሽን ላይ ሲሆን ግን «አሁን» የሚባለው ነገር ራሱ ያከራክራል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የአልማዝ ሒሳብ 2,000 ብር ይዞ በአንደኛው ሻርድ (የዳታው አንድ ክፍል በሚቀመጥበት ማሽን)፣ የከበደ ሒሳብ 1,000 ብር ይዞ በሁለተኛው ሻርድ ላይ ተቀምጧል። የሁለተኛው ሻርድ ባክአፕ ከሌሊቱ 8:00:00 ላይ ይወሰዳል። አንደኛው ሥራ በዝቶበት 8:00:03 ላይ ይደርሰዋል። በመካከሉ 8:00:01 ላይ አልማዝ ለከበደ 500 ብር ትልካለች። ባክአፑ ሲመለስ አልማዝ 1,500፣ ከበደ 1,000 ብር ይኖራቸዋል፤ 3,000 የነበረው ድምር 2,500 ሆኗል። የባክአፑ ቅደም ተከተል ቢገለበጥ ደግሞ 3,500 ይሆናል። የሁለቱም ሻርድ ፋይል ለየብቻው ቢመረመር እንከን አይገኝበትም። ጥፋቱ ያለው በመካከላቸው ነው።

ማኒ ቻንዲና ላምፖርት በ1985 ሥርዓቱን ሳያስቆሙ ወጥ የሆነ ቅጽበት የሚያዝበትን ስልት አሳይተዋል፤ ማሽኖቹ በመልእክት መስመሮቻቸው ላይ ምልክት ይላላካሉ፣ ከምልክቱ በፊትና በኋላ የሆነውም ይለያል። የዛሬዎቹ ዳታቤዞች በአብዛኛው የሚመርጡት ሌላ መንገድ ነው። የቆየውን እሴት አዲሱ ሲመጣ ወዲያው አይደመስሱትም፤ በጊዜ ማኅተም ለይተው ጎን ለጎን ያኖሩታል። ባክአፑ «እስከዚህ ማኅተም ድረስ ያለውን ብቻ ስጠኝ» ይላል፤ ማሽኖቹ ዳታውን በተለያየ ሰዓት ቢሰጡም መልሱ የአንድ ቅጽበት ይሆናል።

እንግዲህ ክርክሩ ማኅተሙን ማን ያትማል ወደሚለው ይዞራል። ጎግል በ2012 ጥናት ያስተዋወቀው ስፓነር በየዳታ ሴንተሩ የጂፒኤስና የአቶሚክ ሰዓት አስቀምጦ የሰዓቱን ጥርጣሬ ወደ ጥቂት ሚሊሰከንድ አወረደው፤ ጥርጣሬው እስኪያልፍም ይታገሣል። ታይዲቢ ማኅተሙን ሁሉ ከአንድ ማዕከል ያድላል። ኮክሮችዲቢ አቶሚክ ሰዓት ሳያስፈልገው የማሽኑን ሰዓት ከቅደም ተከተል ቆጣሪ ጋር ያዳምራል፤ በልማድ አወቃቀሩ በማሽኖች መካከል እስከ 500 ሚሊሰከንድ የሚደርስ የሰዓት ልዩነት ይታገሣል።

እዚህ ላይ ባለሙያን የሚያሳስት አንድ ጉዳይ አለ። የቆዩት እሴቶች ለዘላለም አይቀመጡም። ታይዲቢ በልማድ አወቃቀሩ ከ10 ደቂቃ በላይ የቆየውን ያጸዳል። ባክአፑ ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ከሆነ መሣሪያው ጽዳቱን እንዲያዘገየው መደረግ አለበት፤ አለዚያ የተመረጠው ቅጽበት በመሀል ይጠፋል። ጽዳቱ ሲዘገይ ደግሞ ዲስኩ ይሞላል። ባክአፕና ዋናው ሥራ የሚሻሙት አንዱ ቦታ ይህ ነው።

ካሳንድራ ደግሞ ጭራሽ አንድ ቅጽበት አለኝ ብሎ አይምልም። በየማሽኑ ስናፕሾት፣ ማለትም የማሽኑ ዳታ የዚያ ቅጽበት ምስል፣ ሲወሰድ የዳታ ፋይሎቹ አንዴ ከተጻፉ የማይለወጡ ስለሆኑ የፋይል ሊንክ መፍጠር ብቻ ይበቃል፤ ሥራው በቅጽበት ያልቃል፣ መጀመሪያ ላይ ቦታም አይወስድም። ችግሩ የሚመጣው ሲመለስ ነው። ካሳንድራ ዳታ ሲሰረዝ «ተሰርዟል» የሚል ምልክት ጽፎ ምልክቱን በልማድ 10 ቀን ያቆያል፤ ከዚያ ምልክቱም ይጸዳል። የ15 ቀን ዕድሜ ያለው ስናፕሾት በአንድ ማሽን ላይ ብቻ ቢመለስ፣ ከሌሎቹ ማሽኖች ምልክቱ ስለጠፋ የተሰረዘው መዝገብ እንደ አዲስ ዳታ ተቆጥሮ ወደ ክላስተሩ ይሠራጫል። የተዘጋ ሒሳብ ይከፈታል፣ የተሰረዘ ደንበኛ ይመለሳል። ስለዚህ ባክአፕን ወደሚሠራ ክላስተር መልሶ ማስገባት፣ ባዶ ክላስተር ላይ ከመመለስ የተለየና የበለጠ አደገኛ ሥራ ነው።

ሙሉ፣ ጭማሪና ሎግ

የባክአፕ ዓይነቶቹ ራሳቸው ብዙ አያከራክሩም። ሙሉ ባክአፕ ሁሉንም ይቀዳል፤ ጭማሪው ካለፈው ወዲህ የተለወጠውን ብቻ። ሎግን ያለማቋረጥ ወደ ሌላ ማከማቻ መላክ ደግሞ ወደ ፈለጉት ደቂቃ መመለስ ያስችላል፦ የእሑዱን ሙሉ ባክአፕ አንሥቶ፣ ሎጉን እስከ ረቡዕ 9:41 ድረስ አጫውቶ፣ ስህተቱ የገባበት 9:42 ላይ ሳይደርስ ማቆም ነው። ፖስትግሬስ ይህን ከ2005 ጀምሮ ይችላል።

የዘገየ ተከታይ የሚባለውም መጠቀስ አለበት። ማይኤስኪውኤል፣ ፖስትግሬስና ሞንጎዲቢ አንዱ ተከታይ ለውጦቹን ለምሳሌ ከአንድ ሰዓት በኋላ ብቻ እንዲተገብር ማዘዝ ይፈቅዳሉ። አንድ ሰው ሰንጠረዥ በስህተት ቢያጠፋ አንድ ሰዓት ዕድሜ አለው ማለት ነው። በሪፕሊኬሽንና በባክአፕ መካከል የቆመ፣ ርካሽና ብዙ ቦታ የተረሳ ስልት ነው። ይሁን እንጂ ቅዳሜ የተፈጠረ ስህተት ሰኞ ጠዋት ከታወቀ አይረዳም።

የምርጫው መለኪያ ሁለት ቁጥር ነው፦ ስንት ደቂቃ ዳታ ቢጠፋ እንችላለን? በስንት ሰዓት ውስጥ መመለስ አለብን? የመጀመሪያው ሎጉ በየስንት ጊዜው እንደሚላክ ይወስናል። ሁለተኛው ግን የሒሳብ ጉዳይ ነው፤ ሒሳቡም ርኅራኄ የለውም። 10 ቴራባይት ባክአፕ በሰከንድ 1 ጊጋቢት በሚያስተላልፍ መስመር ያለ ምንም መቋረጥ ሲወርድ ከ22 ሰዓት በላይ ይፈጃል። መስመሩ 100 ሜጋቢት ከሆነ ከ9 ቀን ይበልጣል። በአራት ሰዓት እንመለሳለን የሚል እቅድ ጽፎ ባክአፑን በቀጭን መስመር ማዶ ያስቀመጠ ድርጅት እቅዱን ከዲስኩ ጋር አላስተያየም።

ቦታና ሥልጣን

የቦታ ርቀትን የሚያስተምረው እሳት ነው። በማርች 10 ቀን 2021 ስትራስቡርግ የሚገኘው የኦቪኤች ዳታ ሴንተር ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ተቃጠለ፤ አጠገቡ ያለው ሕንፃም በከፊል ተጎዳ። ባክአፓቸው በዚያው ግቢ የነበረ ደንበኞች ዋናውንና ቅጂውን በአንድ ሌሊት አጡ። በሴፕቴምበር 26 ቀን 2025 ደቡብ ኮሪያ ዴጆን ከተማ ባለው የመንግሥት ዳታ ሴንተር ላይ ከሊቲየም ባትሪ የተነሣ እሳት 709 የመንግሥት ሥርዓቶችን አስቆመ። ወደ 125,000 የሚሆኑ የመንግሥት ሠራተኞች ሰነዳቸውን ያስቀምጡበት የነበረው ማከማቻ 858 ቴራባይት ያህል ይዞ ነደደ። የተሰጠው ምክንያት መጠኑ ግዙፍ ስለሆነ ውጭ ባክአፕ አልተያዘለትም የሚል ነበር። የዳታ መብዛት ባክአፕ ላለመያዝ ምክንያት ሆኖ ሲቀርብ ያ ዳታ አስቀድሞ እንደጠፋ መቁጠር ይቀላል።

የሥልጣን ርቀት ግን ገና ብዙ ሰው ያላሰበበት ነው። ጥያቄው ይህ ነው፦ አንድ የይለፍ ቃል ያለው ሰው፣ ወይም አንድ የተሳሳተ ትእዛዝ፣ ዋናውንም ባክአፑንም መደምሰስ ይችላል? ኮድ ስፔስስ የተባለው ኩባንያ በጁን 2014 መልሱን በሕልውናው ከፍሎ አወቀ። አጥቂ የክላውድ መቆጣጠሪያ ገጹን ይዞ ገንዘብ ጠየቀ፤ ድርጅቱ መልሶ ለመንጠቅ ሲሞክር አጥቂው ዳታውን፣ ስናፕሾቶቹንና ባክአፖቹን ሰረዘ። ኩባንያው ተዘጋ። ባክአፖቹ ከዋናው ጋር በአንድ ቁልፍ የሚከፈቱ ነበሩ።

በሜይ 2024 የአውስትራሊያው የጡረታ ፈንድ ዩኒሱፐር ተመሳሳይ ነገር ያለ አጥቂ ደረሰበት። አንድ የውስጥ መሣሪያ ሲዋቀር ባዶ የተተወ ቦታ ምክንያት ሆኖ ጎግል ክላውድ የፈንዱን የግል ክላውድ ሰረዘ። ፈንዱ በሁለት ቦታዎች የተባዛ ሥርዓት ነበረው፤ ስረዛው ግን ሁለቱንም ቦታ ወሰደ፣ ምክንያቱም ሁለቱም የአንድ ውል ልጆች ነበሩ። ከ600,000 በላይ አባላት ሒሳባቸውን ሳያዩ ከአንድ ሳምንት በላይ ቆዩ። ለመመለሱ ከረዱት አንዱ በሌላ አቅራቢ ዘንድ የተቀመጠ ባክአፕ ነው።

መፍትሔዎቹ የታወቁ ናቸው። ባክአፑ የሚጻፍበት መለያ መጻፍ እንጂ መሰረዝ እንዳይችል ማድረግ፤ የተወሰነ ቀን እስኪያልፍ ማንም፣ አስተዳዳሪውም ጭምር፣ የማይሰርዘው ማከማቻ መጠቀም፤ ባክአፑን በሌላ አካውንት፣ ቢቻል በሌላ አቅራቢ ዘንድ ማኖር ነው። ምስጠራ ካለ ደግሞ ቁልፉ የት እንደተቀመጠ መጠየቅ ይገባል። የባክአፑን ቁልፍ ባክአፕ በተደረገው ዳታቤዝ ውስጥ ያስቀመጠ ሰው የካዝናውን ቁልፍ ካዝናው ውስጥ ቆልፎበታል።

ለአገራችን ድርጅቶች እነዚህ ሁለት ርቀቶች አንዳንዴ ይጋጫሉ። ሦስት ኖድ (የክላስተር ማሽን) አዲስ አበባ ውስጥ ማስቀመጥ አንድን የመብራት ኔትወርክና ጥቂት የፋይበር መስመሮችን መጋራት ነው። ወደ ውጭ ላውጣ ሲባል ትልልቆቹ የክላውድ አቅራቢዎች በአፍሪካ የከፈቷቸው ማዕከሎች ያሉት ደቡብ አፍሪካ ነው፤ ኬፕ ታውን ከአዲስ አበባ ከፍራንክፈርት እምብዛም አትቀርብም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የግል ዳታ ከአገር ሲወጣ የሚሟሉ ሁኔታዎችን ይደነግጋል። አገር ውስጥ በሌላ ከተማ የሚቀመጥ፣ ሎግ ብቻ በአሲንክሮነስ የሚቀበል ማከማቻ ለብዙዎቹ ሁለቱንም ጥያቄ የሚያስታርቅ መነሻ ነው።

ያልተሞከረ ባክአፕ

በጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ምሽት ጊትላብ የተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ መሐንዲስ ከመሪው ወደ ኋላ የቀረ ተከታይ ዳታቤዝ እንደገና ለማስነሣት ይታገል ነበር። የተከታዩን የዳታ ማኅደር ባዶ ማድረግ ፈልጎ የማጥፊያውን ትእዛዝ ሰጠ። ከአንድ ሁለት ሰከንድ በኋላ የተከፈተለት መስኮት የተከታዩ ሳይሆን የመሪው መሆኑን አየ፤ አቆመው። ከ300 ጊጋባይት ገደማ የቀረው 4.5 ጊጋባይት ነበር።

ከዚያ ባክአፖቹ አንድ በአንድ ተጠሩ። በየቀኑ ወደ ክላውድ ይላካል የተባለው ቅጂ ማከማቻው ባዶ ሆኖ ተገኘ፤ የመቅጃው መሣሪያ ስሪት 9.2፣ ዳታቤዙ 9.6 በመሆኑ ሥራው ሲወድቅ ኖሯል። መውደቁን የሚያሳውቁት ኢሜይሎች ደግሞ የሚፈለገው ፊርማ ስላልነበራቸው ተቀባዩ ሰርቨር ሲመልሳቸው ቆይቷል። የዲስክ ስናፕሾት ለዳታቤዝ ሰርቨሮቹ አልበራም ነበር። ተከታዩ ራሱ ለጥገና ተደምስሷል። ያዳናቸው አንድ መሐንዲስ ለሙከራ ብሎ ከስድስት ሰዓት በፊት በእጁ የወሰደው ስናፕሾት ነው። እሱን ከዘገምተኛ ዲስክ ቀድቶ አገልግሎቱን ለመመለስ 18 ሰዓት ገደማ ፈጀ። የስድስት ሰዓት ዳታ፣ ወደ 5,000 ፕሮጀክቶች፣ 5,000 አስተያየቶችና 700 የተጠቃሚ መለያዎች አልተመለሱም።

ኩባንያው ሁሉንም ሳይደብቅ በይፋ መጻፉ ለመስኩ ትልቅ ውለታ ነው። ትምህርቱም ግልጽ ነው፦ «ባክአፕ ተወስዷል» የሚል ሪፖርት ማስረጃ አይሆንም። ማስረጃ የሚሆነው በሌላ ማሽን ላይ የተመለሰ፣ የመዝገብ ብዛቱ ከዋናው ጋር የተመሳከረ፣ የፈጀው ሰዓት የተጻፈ ባክአፕ ነው። ለተሠራጨ ዳታቤዝ ሙከራው ተጨማሪ ነገር ይጠይቃል፤ ከ12 ኖድ የተወሰደው 5 ኖድ ባለው ክላስተር ላይ ይመለሳል ወይ? የሻርዶቹ ድምር እንደ አልማዝና ከበደ ሒሳብ ይስማማል ወይ? ይህ ካልተደረገ ምርመራው ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።

ለማን ምን ይበቃል

ከዳሰሳው የሚወጣው ፍርድ አንድ ዓይነት አይደለም። ዳታው ጥቂት መቶ ጊጋባይት የሆነ ድርጅት የተሠራጨ ዳታቤዝ አያስፈልገውም። አንድ ፖስትግሬስ፣ አንድ ተከታይ፣ ወደ ሌላ ቦታ ያለማቋረጥ የሚላክ ሎግና በየወሩ የሚደረግ የመመለስ ሙከራ፣ ሠራተኛው በቅጡ ከማያውቀው የሦስት ኖድ ክላስተር ይሻላል። በአንድ ከተማ ውስጥ ያለ እንቅፋት አገልግሎቱን እንዳያቋርጥበት የሚፈልግ ባንክ ወይም ሆስፒታል አብላጫ ድምፅ የሚጠይቅ ክላስተር በሦስት የተለያዩ ሕንፃዎች ይትከል፤ ወደ ሌላ ከተማ ደግሞ በአሲንክሮነስ ይላክ፤ በከተሞቹ መካከል መሪነትን ሰው እንጂ ሶፍትዌር አያሸጋግር። በአህጉሮች መካከል የሚሠራ ተቋም በማኅተም የተለየ ወጥ ቅጽበት የሚሰጥ ዳታቤዝና በሌላ አቅራቢ ዘንድ የማይሰረዝ ማከማቻ ያስፈልገዋል።

የበጀቱ ቅደም ተከተል ግን ለሁሉም አንድ ነው። መጀመሪያ የሚገዛው የመመለስ ሙከራ የሚደረግበት ማሽን ነው፤ ቀጥሎ በሌላ ሥልጣን ሥር ያለ ማከማቻ፤ ከዚያ በሌላ ከተማ ያለ ቅጂ። በዚያው ክላስተር ላይ የሚጨመር ሌላ ኖድ መጨረሻ ይምጣ። አዲስ ኖድ ለመጠየቅ የሚቀርብ ሁሉ «ያሉትን ቅጂዎች በሙሉ ሊያጠፋ የሚችል አንድ ሰው ወይም አንድ ትእዛዝ አለ ወይ?» የሚለውን አስቀድሞ ይመልስ። መልሱ «አዎ» ከሆነ የሚጠየቀው ኖድም ለዚያው ሰውና ለዚያው ትእዛዝ የሚታዘዝ ይሆናል።